ወፍጮ ቤት ዱቄት ሲሸጥ፦ ከአገልግሎት ወደ ዕቃ ስለ መሻገር

በነቀምቴ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፣ ሙሉ ቃል

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጽሐፍ ውስጥ የተወለደ አይደለም፤ ከመናኸሪያው ተነሥቶ ወደ ገበያው የሚሄድ ማንኛውም ሰው በዓይኑ የሚያየው ነው። ፎቶ ኮፒ ያነሣ የነበረው ቤት ዛሬ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል። ስልክ ይጠግን የነበረው ወጣት በመስታወት ሣጥኑ አዳዲስ ስልኮች ደርድሯል። ፀጉር ቤቱ የፀጉር ቅባት፣ ጎሚስታው አዲስ ጎማ፣ ሆቴሉ በሒሳብ መቀበያው ላይ ማር በማሰሮ ይዞ ይጠብቃል። በእጁ ሙያ ይኖር የነበረ ሰው አሁን በመደርደሪያው ላይ ባለ ዕቃም መኖር ጀምሯል።

ይህ ለውጥ ለምን እንዳሳሰበኝ ልናገር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእኛው ትምህርት ክፍል የተመረቀ ወጣት ቢሮዬ መጣ። ኮምፒውተርና ፕሪንተር በመጠገን ስም ያወጣ፣ ቢሮዎች እየደወሉ የሚጠሩት ልጅ ነበር። ተበድሮ ላፕቶፖችና የፕሪንተር ቀለም አስመጣ። «ጋሼ፣ ጥገና ብቻ በነበርኩበት ጊዜ ገንዘብ ባይተርፈኝም ዕዳ አልነበረብኝም፤ አሁን ሱቄ ሙሉ ነው፣ ኪሴ ግን ባዶ ነው» አለኝ። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ አላረካኝም። የዛሬው ገለጻ ለእርሱ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው ብትሉት አልተሳሳታችሁም።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ እንግባባ። አገልግሎት ስንል ሰውየው ወይም ድርጅቱ ለደንበኛው የሚያደርገውን ሥራ ማለታችን ነው፤ ዕቃ ስንል ደግሞ ደንበኛው ይዞት የሚሄደውን ነገር። የአገልግሎትን ጠባይ የሚያስተምሩ መምህራን ሁሉ የሚያነሷቸው አራት ነጥቦች አሉ። አገልግሎት አይዳሰስም፤ ከሚሰጠው ሰው አይለይም፤ ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይከማችም። ማክሰኞ ጠዋት ባዶ የዋለ የፀጉር አስተካካይ ወንበር ለቅዳሜ አይቆይም፤ ያ ሰዓት ሄዷል። ዕቃ ግን ይቆያል። ዛሬ ያልተሸጠ ጎማ ነገ ሊሸጥ ይችላል። አገልግሎት ሰጪውን ወደ ዕቃ የሚስበው የመጀመሪያው ማባበያ ይኸው ነው፤ ተኝቶም ገንዘብ የሚያመጣ ነገር ያገኘ ይመስለዋል።

በንግድ ትምህርት ዓለም ብዙ የተጻፈው ስለ ተቃራኒው ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ቫንደርመርቭና ራዳ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች አምራች ኩባንያዎች በምርታቸው ላይ አገልግሎት እየጨመሩ መሄዳቸውን «ሰርቪታይዜሽን» ብለው ሰየሙት። ሞተር የሚሠራው ጥገናንም ይሸጣል፣ ማሽን የሚሠራው ሥልጠናንም ይሸጣል ማለት ነው። በእኛ ከተሞች ያለው ሰው ግን ፋብሪካ የለውም፤ መነሻው እጁና ስሙ ናቸው። ስለዚህ የእርሱ መንገድ ከአገልግሎት ወደ ዕቃ ነው፤ የሚያጋጥመውም እንቅፋት ሌላ ነው። ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባቴ ወፍጮ ቤት ነው።

በአፋን ኦሮሞ መፍጨትም ዱቄትም «ዳኩ» ይባላሉ። ሥራውና የሥራው ፍሬ አንድ ቃል ናቸው። አባቴ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኝ ትንሽ ከተማ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ነበረው። ለዓመታት የሸጠው ግስ የሆነውን ዳኩ ነበር። ሴቶች በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ ተሸክመው ይመጣሉ፤ እህሉ ይመዘናል፤ በኪሎ ይከፍላሉ፤ የራሳቸውን ዱቄት ተሸክመው ይመለሳሉ። በዚያ ንግድ ውስጥ የአባቴ ንብረት ሞተሩ፣ ድንጋዩና ቺንጋው ብቻ ነበር። እህሉ የሰው ነው። የእህል ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም የማስፈጫ ዋጋው ያው ነው፤ ነቀዝም ቢበላው የሚበላው የሌላ ሰው ጎተራ ነው።

አንድ ዓመት ግን አባቴ ስም የሆነውን ዳኩ ለመሸጥ ወሰነ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። በቆሎ በመኸር ወቅት ርካሽ ነው፤ በክረምት ይወደዳል። ወፍጮው ደግሞ የራሱ ነው። በጥር ገዝቶ በሐምሌ ዱቄት አድርጎ ቢሸጥ ሁለት ትርፍ ያገኛል፤ የእህሉንም የመፍጨቱንም። የመጀመሪያው ዓመት እንዳሰበው ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ከዘመድ ተበድሮ ብዙ ገዛ። ከእናንተ መካከል ዕድሜያችሁ የሚያስታውሳችሁ እንደምታውቁት፣ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግድም በምዕራብ ኢትዮጵያ በቆሎ እጅግ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ። ክረምቱ ገባ፤ ይወደዳል የተባለው እህል ከተገዛበት በታች ሆነ። ጎተራው እርጥበት ገባው፤ ነቀዙም ድርሻውን ወሰደ። እናቴ «ቡናችን አለ» ትል ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን ቡናም በዓለም ገበያ ዋጋው ወድቆ ነበርና የጀንፈሉ ገንዘብ ለዕዳው አልበቃም። ሁለት በሬዎች ተሸጡ።

የዋጋው መውደቅ ግን ትልቁ ጉዳት አልነበረም። በሬ ይተካል። ትልቁ ጉዳት የመጣው በወሬ ነው። ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አሥር ኪሎ እህል ገብቶ ልክ አሥር ኪሎ ዱቄት አይወጣም። ከፊሉ ብናኝ ሆኖ ይበናል፣ ከፊሉ በድንጋዩ ላይ ይቀራል። ለብዙ ዓመት ማንም ይህን ጠይቆ አያውቅም ነበር። አባቴ የራሱን ዱቄት በጆንያ ደርድሮ መሸጥ ሲጀምር ግን ያችው የጎደለች ግማሽ ኪሎ ሌላ ትርጉም አገኘች። «ይህ ሁሉ ዱቄት ከየት መጣ? ከእኛ እየቀነሰ ነው» ተባለ። አባቴ አልቀነሰም። እኔ ልጁ ሆኜ ስለምናገር ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም፤ ፍሬ ነገሩም ያ ነው። ዱቄት ባልሸጠበት ዘመን ታማኝነቱን ለማስረዳት አንድ ቃል መናገር አላስፈለገውም፤ ሊሰርቅ የሚችልበት ምክንያት አልነበረውምና። ዱቄት ከሸጠ በኋላ ግን ምክንያት አገኘ፤ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ ባያደርገውም ይጠረጠራል። ሴቶቹ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ እየተጓዙ ወደ ሌላው ወፍጮ መሄድ ጀመሩ።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ የቀረው የገለጻዬ ክፍል በእርሱ ላይ ይቆማል። አገልግሎት ሰጪ ዕቃ ሲጨምር መደርደሪያ ብቻ አይጨምርም፤ ከደንበኛው ጋር የነበረው ዝምድና ይለወጣል። ቀድሞ የደንበኛው ረዳት ነበር፤ አሁን ሻጭም ሆነ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቆዳ ውስጥ ተስማምተው መኖር ይችሉ እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት።

ይህ ነገር የትንንሾች ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ሰፊው ዓለም አንድ ጊዜ ልውሰዳችሁ። አማዞን የሌሎችን ዕቃ በኢንተርኔት እየሸጠ የሚያደርስ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኪንድል የተባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ የራሱ ዕቃ አድርጎ አወጣ፤ ተሳካለት። በ2014 ደግሞ ፋየር ፎን የተባለ ስልክ አወጣ። ስልኩ በመጋዘን ቀረ፤ ድርጅቱ በዚያው ዓመት 170 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ኪሳራ በሒሳቡ መዘገበ፤ በቀጣዩ ዓመት ስልኩን ጨርሶ ተወው። ድርጅቱ ያው ነው፣ ገንዘቡም ብልሃቱም ያው ነው። ልዩነቱ የት ነው? ኪንድል ለአማዞን ነባር ሥራ መንገድ ከፈተ፤ መሣሪያውን የያዘ ሰው መጽሐፍ ለመግዛት ተመልሶ ወደ አማዞን ይመጣል። ስልኩ ግን ደንበኛው ያልጠየቀው፣ ከሌሎች የተሻሉ ስልኮች ጋር የሚፎካከር ዕቃ ነበር። አንዱ ዕቃ አገልግሎቱን ተሸከመው፤ ሌላው በአገልግሎቱ ስም ተደግፎ ሊቆም ሞከረና ወደቀ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ኅዳር በዚህ ስም ሲቋቋም በዋናነት የሚሸጠው አገልግሎት ነበር። ዛሬ በአገልግሎት ማእከሎቹ ስማርት ስልክና የኢንተርኔት ማሠራጫ መሣሪያም ይሸጣል። በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እንዲሁ ያደርጋል። ለምን? በእጁ ቁልፍ ስልክ ብቻ የያዘ ገበሬ የኢንተርኔት ጥቅል አይገዛም። ስማርት ስልኩ ከተሸጠለት ግን ለዓመታት የዳታ ደንበኛ ይሆናል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም በመተግበሪያው እንዲሠራ ከተፈለገ ስልኩ መቅደም አለበት። እዚህ ላይ ስልኩ በር ነው፤ ትርፉ ከበሩ በስተ ኋላ ባለው ቤት ውስጥ ይገኛል።

ሌላው ምሳሌ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ቶሞካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሰው ቆሞ ቡናውን ይጠጣል፤ ሲወጣ ያንኑ የቀመሰውን ቡና ተቆልቶና ተፈጭቶ በከረጢት ይዞ ይሄዳል። ስኒው ለከረጢቱ ይመሰክራል። ደንበኛው የሚገዛውን ዕቃ አስቀድሞ በአገልግሎት መልክ ቀምሶታል፤ ስለዚህ ሻጩ ስለ ጥራቱ መማል አያስፈልገውም። ይህን ለወለጋ ሰዎች መናገር ትንሽ ያሳፍራል። የዚህች ከተማ ስም «ለቀምቲ» ተብሎ በዓለም የቡና ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ የቡና ስያሜ ሆኗል፤ የጊምቢ አካባቢ ቡና በዚህ ስም ባሕር ይሻገራል። በከተማችን ሆቴል ቡናውን ጠጥቶ ያመሰገነ እንግዳ ግን ያንኑ ቡና ይዞ ልሂድ ቢል፣ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። ማር ካስቀመጥን ቡናውን ስለ ምን ረሳነው?

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር ልግባ። በጥሩ ሁኔታ የተሻገሩትን ሳይ ልብስ ሰፊዎች ጎልተው ይታዩኛል። ቀድሞ ደንበኛዋ ጨርቋን ከገበያ ገዝታ ታመጣለች፤ ሰፊው ለክቶ ይሰፋል። ዛሬ ብዙዎቹ ለሠርግና ለኢሬቻ የሚሆነውን የባህል ልብስ ጨርቅ ራሳቸው ይይዛሉ። ደንበኛዋ ጨርቁን መርጣ፣ ተለክታ፣ ቀብድ ከፍላ ትሄዳለች። ጨርቁ ያለ ስፌቱ፣ ስፌቱም ያለ ጨርቁ አይሸጥም፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ቀብዱ ደግሞ የጨርቁን ገንዘብ ከፊሉን ይመልሳል። የእነርሱ አደጋ የበዓሉ ማለፍ ነው። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ የተረፈ ጨርቅ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል፤ በዓመቱ ደግሞ ሞዱ ይለወጣል።

የጎሚስታው ነገር ይከብዳል። ጎማህ አልቋል ብሎ የሚነግረኝ ሰው አዲስ ጎማ የሚሸጥልኝም ሰው ነው። እውነቱን ቢናገርም ልቤ ያመነታል። የመካኒኩና የመለዋወጫው ጉዳይም ይኸው ነው። የባጃጅ ሾፌሮች «መለዋወጫውን ራሴ ገዝቼ አመጣለሁ፤ አንተ ግጠምልኝ ብቻ» የሚሉት ለዚህ ነው። መካኒኩ ግን እንደዚህ ያለውን ደንበኛ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፤ ተሳስቷል። ያ ደንበኛ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ «እጅህን አምናለሁ፤ መደርደሪያህን ገና አላመንኩም»። ለዚህ መልሱ ቁጣ አይደለም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በደንበኛው እጅ ማስያዝ፣ የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ዋጋ በአንድ ደረሰኝ ላይ ለየብቻ መጻፍ፣ ደንበኛው ከሌላ ቤት ገዝቶ ቢመጣም በዚያው የእጅ ዋጋ መግጠም ነው። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ጥቂት ዕቃ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ስሙን ግን አይሸጥም።

የቡና መፈልፈያ ቤቶችም የአባቴን ፈተና በትልቁ ይፈተናሉ። የገበሬውን ጀንፈል በክፍያ የሚፈለፍል ቤት አለ፤ ጀንፈሉን ገዝቶ ለራሱ ፈልፍሎ የሚያቀርብም አለ። ሁለቱን በአንድ ግቢ የሚሠራ ሰው የገበሬው ቡና ከእርሱ ቡና ጋር እንዳይቀላቀል፣ ሚዛኑም አንድ እንዲሆን ካላሳየ፣ ስሙ ከእጁ ይወጣል። ክፍያ የሚቀበልበትን ቡና ከሚገዛው ቡና በግድግዳ መለየት ወጪ ነው፤ ነገር ግን ከጥበቃና ከጠበቃ ክፍያ ያነሰ ወጪ ነው።

ስለ እምነት ይህን ካልኩ ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ልናገር። ወደ ቢሮዬ የመጣው ወጣት የተያዘው በዚህ ወጥመድ ነበር። ቀላል ሒሳብ ለምሳሌ እንሥራ። አንድ ሰው በዓመት 18 በመቶ ወለድ 200,000 ብር ተበድሮ ዕቃ ገዛ እንበል። በዕቃው ላይ 10 በመቶ ትርፍ ያስባል፤ ሁሉም ሲሸጥ 20,000 ብር ያተርፋል ማለት ነው። ዕቃው በሁለት ወር ካለቀ ወለዱ 6,000 ብር ነው፤ 14,000 ብር ተረፈው። ያው ዕቃ በአሥር ወር ቢያልቅ ግን ወለዱ 30,000 ብር ይሆናል፤ ሁሉንም ሸጦ፣ አንድም ሳይሰበርበት፣ 10,000 ብር ከሰረ። በሁለቱ መካከል የዋጋ ልዩነት የለም፤ የደንበኛ ጠብ የለም፤ ልዩነቱ ስምንት ወር ብቻ ነው። አገልግሎት ሰጪ ይህን ሒሳብ አልለመደውም፤ ምክንያቱም ጥገና በተሠራበት ቀን ይከፈላል። መደርደሪያ ላይ ያለ ላፕቶፕ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢመስልም በየቀኑ ይበላል።

የዋጋ ለውጥ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ግድም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ጊዜ በመደርደሪያቸው ዕቃ የነበራቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ሆኑ። አንዳንዶቹ በአሮጌው ዋጋ ላይ የለመዷትን ትርፍ ጨምረው ሸጡ፤ በእጃቸው ብር በዛ፤ ተደሰቱ። ወደ መርካቶ ሲወርዱ ግን በዚያ ብር የሸጡትን ያህል መተካት አቃታቸው። ትርፍ የመሰላቸው ካፒታላቸው ነበር። ሌሎቹ የሚተካበትን ዋጋ አስበው ሸጡ፤ ደንበኛ ተቆጣቸው፤ መደርደሪያቸው ግን ባዶ አልሆነም። የእጅ ሥራ ብቻ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ አይገባም።

ነገር ግን ፍርዴ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ሌላውንም ላንሣ። የዚህ አካባቢ ሰው ወደ ዕቃ የሄደው በስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ በፍርሃትም ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ከሁለት ወር በላይ ተቋርጦ፣ መጋቢት ማብቂያ ላይ የኮሮና ወረርሽኝ ስጋት ሲመጣ ነው የተመለሰው። በእነዚያ ወራት በኔትወርክ የሚሠራ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ኢንተርኔት ቤቱ ያጣውን ሰዓት ማንም አልመለሰለትም። ደብተርና ሳሙና የያዘ ጎረቤቱ ግን በልቶ አደረ። ያን ያየ ሰው «አገልግሎት ብቻ ይዤ አልቀርም» ቢል ልንወቅሰው አይገባም። መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ የዕቃው ነጋዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ጭነት እየጠበቀ ባዶ መደርደሪያ ሲጠብቅ፣ ልብስ ሰፊውና መካኒኩ በእጃቸው ያለውን እየጠገኑ ቤታቸውን አኖሩ። ስለዚህ ሁለቱ በየተራ የሚያዋጡ ናቸው፤ ጥበቡ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲይዘው አድርጎ ማሠር ነው።

ስለ ሕግና ግብር በአጭሩ ልለፍ። የንግድ ፈቃድ በመስክ የሚሰጥ ነው፤ የጥገና ፈቃድ የስልክ ሽያጭ ፈቃድ አይደለም። ግብሩም አንድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣውና ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ በዕቃ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ፣ በአብዛኛው አገልግሎት ላይ 10 በመቶ ይከፈል ነበር፤ ወፍጮ ቤት በተለይ ከ2 በመቶዎቹ ጋር ተመድቦ ነበር። ሕጎች ይሻሻላሉ፤ የዘንድሮውን ከገቢዎች ቢሮ ጠይቁ። የማይለወጠው ምክር ግን ይህ ነው፦ የእጅ ገቢያችሁንና የዕቃ ገቢያችሁን በሁለት መዝገብ ያዙ። ይህን የምለው ለገማቹ ብዬ አይደለም፤ ለራሳችሁ ነው። በአንድ መሳቢያ የተቀላቀለ ገንዘብ የትኛው ሥራ የትኛውን እየመገበ እንደሆነ አይናገርም። ያ ወጣት ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሁለቱን ሲለይ ያገኘው ነገር፣ ጥገናው በየወሩ የላፕቶፖቹን ወለድ ሲከፍል መኖሩን ነው። ለዚያ ነው ሱቁ ሙሉ፣ ኪሱ ባዶ የሆነው።

እንግዲህ ዕቃ ለመጨመር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ፣ አራት ጥያቄዎችን መልሼ እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ ዕቃው አገልግሎትህን ይሸከማል ወይስ ይጫነዋል? የፕሪንተር ቀለም የሸጥክለት ቢሮ ፕሪንተሩ ሲበላሽ ይጠራሃል፤ ላፕቶፑን ግን ከማንም ሊገዛ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጊዜውን የሚሸከመው ማን ነው? ቀብድ ይከፈልሃል ወይስ አንተ ለወራት ትጠብቃለህ? ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠራው የማን ስም ነው? ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ አንተ ጎረቤት ነህ። የሌላው ስህተት በአንተ ደጅ ይንኳኳል። አራተኛ፣ የአባቴ ጥያቄ ናት፦ ምክር እየሰጠህ ስትሸጥ፣ ደንበኛህ ምክርህን ከሽያጭህ ለይቶ የሚያይበት ምን መስኮት ከፈትክለት?

ወጣቱ ላፕቶፖቹን በገዛበት ዋጋ፣ አንዳንዶቹንም ከዚያ በታች ሸጦ ዕዳውን አቀለለ። አሞገስኩት፤ ከዚህ የሚከብድ ውሳኔ በንግድ ውስጥ ጥቂት ነውና። ቀለሙን ግን አልተወም። ዛሬ ለሚጠግንላቸው ቢሮዎች ብቻ፣ በወሩ መጀመሪያ ያዘዙትን ያህል ያመጣል። «ሱቄ ባዶ ይመስላል ጋሼ» አለኝ፤ እየሳቀ ነበር።

የአባቴን ወፍጮ በተመለከተ ታሪኩ በበሬዎቹ አላበቃም። አባቴ ዱቄቱን ትቶ ወደ ማስፈጨቱ ተመለሰ፤ ከሄዱት ሴቶች ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ አልተመለሱም። ከዓመታት በኋላ ወፍጮውን የተረከበችው ታናሽ እህቴ ነች። እርሷም ዱቄት መሸጥ ፈለገች፤ እኔ የተማርኩት ወንድሟ ፈርቼ ከለከልኳት። አልሰማችኝም፤ ባለመስማቷም ደስ ይለኛል። ያደረገችው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሚዛኑን ከውስጥ አውጥታ በሩ ላይ አቆመችው፤ እህሉ ሲገባ በባለቤቱ ፊት ይመዘናል፣ ዱቄቱ ሲወጣም ይመዘናል፤ ብናኙ ስንት እንደሆነ ደንበኛዋ ራሷ ታውቃለች። ሁለተኛ፣ ሰው ለማስፈጨት የሚያመጣውን በቆሎና ጤፍ አትሸጥም። የምትሸጠው ሽሮና በሶ ነው፤ አተሩንና ገብሱን ቆልታ፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ በር። ሦስተኛ፣ አስቀድማ አታከማችም፤ ልጆቿን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የምትልክ እናት ስታዝዝ፣ ቀብድ ስትከፍል ትሠራለች።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአባቴ ዘመን ወደ ሌላው ወፍጮ ከሄዱት እናቶች አንዷ በቆሎ አስፈጭተው ሲያበቁ ሁለት ኪሎ ሽሮ ገዙ። እኔን አላወቁኝም። እህቴን «የአባትሽን ዱቄት አልገዛሁም ነበር፤ ሚዛኑ ውስጥ ነበር» አሏት። ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ትምህርት እኚህ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

አባቴ ያልቀነሰውን እህል ቀንሷል ተብሎ ኖረ፤ ያንን ስም ይዞ አለፈ። ለዓመታት በዚያ ፍርድ ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ግን የማስበው ሌላ ነው፤ እርሱ ታማኝ ነበር፣ ታማኝነቱን ግን ደንበኛው በማያየው ቦታ አስቀምጦት ነበር። ነገ ሱቃችሁን ስትከፍቱ በመደርደሪያችሁ ላይ አዲስ ዕቃ ከመጨመራችሁ በፊት ሚዛናችሁ የት እንደቆመ እዩ።